ለጋሽ መስመር ምላጭ ፍለጋ

ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ መስመር እያለ ነበር የሚጠራው። የሱቅ ታፔላ ጻፊ ነው። ማስመሪያ ሳይዝ፣ መሰላል ላይ ቆሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ ከግድግዳው ዳር እስከ ዳር ብሩሹን ሳያነሳ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል። መንገደኛ ከታች ቆሞ አንገቱ እስኪያመው ያየዋል። ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ እሷን ደግሞ መርፌ ይሏታል። ጎን ለጎን ሲሄዱ ያየ ተረበኛ ሁሉ፣ «መስመርና መርፌ መጡ፤ ክሩን የት ጣላችሁት?» እያለ ይቀልድባቸዋል። «ክሩማ መንገድ ላይ ነው» ትላለች እሷ። ልጃቸውን ማለቷ ነው። አንድያ ልጃቸው የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ከቤት የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው።

ጋሽ መስመር ለልብሱ ደንታ አልነበረውም። ሱሪው ላይ ያልተንጠባጠበ የቀለም ዓይነት የለም። የፊቱ ነገር ግን ሌላ ነው። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ዘንድ ይቆምና፣ እንደ ሰንጢ ከእጀታው የሚዘረጋ አሮጌ ምላጩን በቆዳ ጠፍር ላይ ወዲያና ወዲህ አመላልሶ፣ ሳሙናውን አረፋ በአረፋ አድርጎ ይላጫል። ምላጩ ታፔላ መጻፍ ካስተማሩት ሰው የወረሰው ነው። ፂሙን ለማንም ፀጉር አስተካካይ ሰጥቶ አያውቅም። «ምነው፣ የኔ እጅ ምን ሆነና!» ይላል። መርፌ አልጋ ውስጥ እንዳለች የምላጩን ድምፅ ትሰማለች፤ ወረቀት ቀስ ብሎ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው። እሱን ስትሰማ ነው ነጋ ብላ የምትነሳው።

አንድ ቀን መሰላል ላይ እንዳለ ብሩሹ ከእጁ አመለጠው። ወርዶ ሊያነሳው ሲል እግሩም አልታዘዝ አለው። ሐኪሞቹ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አሉ። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ ጎኑ ግን እንደነበረ አልተመለሰም። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ የሰው ዕቃ መስሎ ይጋደማል፣ አፉ በአንድ በኩል ወረደ፣ ንግግሩም ተቆራረጠ። አንዲት ቃል ጎትቶ እስኪያወጣ ሰሚው ይደክመዋል።

ከሆስፒታል ወጥቶ ትንሽ ሻል ባለው ሰሞን፣ መርፌ ለደንበኛ መጋረጃ ልታደርስ ወጣ ባለችበት ጠዋት፣ ግድግዳውን ተደግፎ መስኮቱ ጋ ደረሰና ምላጩን በግራ እጁ አነሳ። ልጁ የዚያን ለታ ከጉዞ ገብቶ ሌላኛው ክፍል ተኝቶ ነበር። የሆነ ነገር ዱብ ሲል ሰምቶ ቢሮጥ አባቱን ወለሉ ላይ አገኘው። ከመንጋጋው ሥር ተቆርጦ ደሙ ሸሚዙን አልብሶታል።

ቁስሉ ጥልቅ አልነበረም፤ ተሰፍቶ ዳነ። ልጁ ግን ምላጩን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ ወጣና በሚቀጥለው ጉዞው ከድልድይ ላይ ወንዝ ውስጥ ጣለው። ሲመለስ ለእናቱ፣ «ከእንግዲህ እዚህ ቤት ምላጭ የሚባል ነገር እንዳላይ» አላት። ለምን እንዲህ እንዳለ ገብቷታል። አባቱ ሆን ብሎ ያደረገው መስሎታል። እሷም በሆዷ ያንኑ ፈርታለች። አንዳቸውም ግን አፍ አውጥተው አልተናገሩትም፤ ጋሽ መስመርንም «ምን ልታደርግ ነበር?» ብሎ የጠየቀው የለም።

ፂሙ አደገ። መርፌ በሚጣለው የፕላስቲክ ምላጭ ልትላጨው ሞከረች፤ ፀጉሩ ጠንካራና ጥቅልል ስለሆነ ወደ ቆዳው ተመልሶ እየገባ አንገቱ በሙሉ ብጉንጅ በብጉንጅ ሆነ። ፀጉር አስተካካይ ማሽኑን ይዞ ቤት ድረስ መጣላት፤ ማሽኑ ጆሮው ሥር መንጫጫት ሲጀምር ጋሽ መስመር ጭንቅላቱን እያወዛወዘ በግራ እጁ ገፈተረው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሊጠይቀው የሚመጣ ወዳጅ ድምፁን ሲያሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ሰዎቹ ጀርባውን አይተው፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ተቀምጠው፣ «በል እንግዲህ ይማርህ» ብለው ይሄዳሉ። ውሎ አድሮ እነሱም ቀሩ።

ይሄ ነው የመርፌን አንጀት የበላው። ሽባነቱን ችላዋለች፣ ማጠቡን ማልበሱን ችላዋለች። ያ ሰው ግድግዳ እያየ መዋሉን ግን አልቻለችውም። አንድ ቀን ስፌቷን አቋርጣ ተነሳችና፣ «እኔው ራሴ እላጨዋለሁ፤ እሱ በሚላጭበት ዓይነት» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው።

ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ረድፍ አለ። መርፌ ከስፌት መኪና ዕቃ በቀር እዚያ ገዝታ አታውቅም። አንድ ባለመነጽር ነጋዴ፣ ጌጣጌጥ ከሚደረደርበት ሳጥን ውስጥ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ምላጭ አወጣላት። ስለቱ ላይ በወርቅ ቀለም መርከብ ተስሎበታል፤ እጀታው ነጭ ነው። «ይሄ የጌቶች ምላጭ ነው፤ በልጅ ልጅ ይወረሳል» አላት። እሷም ደስ እያላት ገዝታ ገባች።

ያ ጠዋት ትዝ ብሏት ምላጩን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ብትደብቀው ደግሞ ምን ሊረባ? ግራ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ ከፈተው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ አየው፣ አየውና ዘጋው። ደህናው የአፉ ጎን ወደ ላይ ተነሳ።

«ለ... ግድግዳ» አለ።

«ምን አልክ?»

«ግድግዳ ላይ... ስቀይው።»

መርፌን ሳቅ አፈናት። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ሙሉ ነገር ሲናገር መስማቷ ነው። ቀረብ አለችና የሚያሳያትን አየች። ስለቱ ብርሃን ሲያርፍበት እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ ሆኗል። ለማሳመር ብለው ፈግፍገው ፈግፍገው ብረቱን አሳስተውታል። የሚያበራው ዕቃ ሥጋ እንጂ ፂም የሚቆርጥ አልነበረም።

በማግስቱ ተመልሳ ረድፉን ዳር እስከ ዳር ዞረችው። መጨረሻ ላይ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንዲት አሮጊት ጠረጴዛ ላይ ማበጠሪያ፣ መቀስና የተጣጠፉ ምላጮች ደርድረው ተቀምጠዋል። ባላቸው ፀጉር አስተካካይ ነበሩ፤ ሲሞቱ ዕቃቸው ለአሮጊቷ ቀረ፤ እሱን ሲሸጡ ሰው ሌላም እያመጣላቸው ያው ንግድ ሆነ።

«ለማን ነው?» አሉ አሮጊቷ።

«ለባለቤቴ ነው፣ እማማ። እኔ ነኝ የምላጨው።»

«ልትላጪው ነው ልትገድይው? ምላጩ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ቁርጡን ንገሪኝ።»

ቀልዳቸውን ነው። የመርፌ ፊት ግን አመድ መሰለ። አሮጊቷ ይህን አይተው ከሥራቸው አንድ በርጩማ ሳቡና፣ «ተቀመጪ ልጄ፤ አፌ ነው፣ አትቀየሚኝ» አሏት። ተቀመጠች። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ለማንም ያልተነፈሰችውን፣ ስለዚያ ጠዋትም ጭምር። ለማያውቁት ሰው መናገር እንዴት እንደሚቀል ገረማት።

አሮጊቷ ሰምተው ሲጨርሱ ሊያጽናኗት አልሞከሩም። አንድ ምላጭ አንስተው እጇ ላይ አደረጉላት።

«ብረቱ ላይ የተጻፈውን ስም ምን ታነቢያለሽ? ስም አይላጭም። እጀታውንም ተይው። ሰዉ ሁሉ እየመጣ የዝሆን ጥርስ ነው ወይ ይለኛል፤ የሚላጨው በእጀታው ነው እንዴ? ዝጊው እስቲ። ስለቱ እጀታው መሃል ገባ ወይስ አንዱን ጎን ነካ?»

«ነክቷል መሰለኝ።»

«እንግዲያው በከፈትሽው በዘጋሽው ቁጥር ራሱን ይበላል። አስቀምጪው። ይሄን ያዢ። ስለቱን ወደ ዓይንሽ ቀና አድርጊና በብርሃን እይው። ምን ታያለሽ?»

«ምንም አይታየኝም።»

«ጎሽ! ደህና ስለት አይታይም። ነጥብ ነጥብ እያለ የሚያበራ ካየሽ እዚያ ጋ ተሸርፏል ማለት ነው።»

እንዲህ እያሉ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን በሙሉ አስነሷት። የምላጩን ጀርባ በሁለቱም በኩል እንድታይ አደረጓት፤ አንደኛው ጎን በጣም ተበልቶ ሌላው ካልተነካ የሳለው ሰው እጅ ጠማማ ነበር። ጀርባው ላይ ያለች ጥቁር ነጠብጣብ የዕድሜ ናት፣ አትጎዳም፤ ስለቱ ጫፍ የደረሰ ዝገት ግን በሽታ ነው፣ «በሽታ ደግሞ ቤትሽ ሞልቶልሻል፣ ገዝተሽ አትጨምሪ» አሉ። መርፌ አንድ የሚያምር ሹል ጫፍ ያለው ስታነሳ ከእጇ ነጠቋት። ለጀማሪ ጫፉ ክብ የሆነው ነው የሚሻለው፤ ሹሉ ጆሮ ሥር ሲደርስ ይወጋል። በጣም ሰፊም አይሁን፣ አፍንጫ ሥር አይገባም፤ በጣም ቀጭንም አይሁን፣ ቆዳ ላይ ይዘላል።

በመጨረሻ ሦስት ምላጮች ለይተው ጠቀለሉላት። «ውሰጂና ራሱ ይምረጥ። ያልፈለገውን ትመልሻለሽ።»

«እማማ፣ ሳያውቁኝ?»

«ባልሽን አወቅኩት አይደል?»

ጋሽ መስመር ሦስቱንም አልጋው ላይ አስደርድሮ ብዙ ቆየባቸው። እየከፈተ፣ እየዘጋ፣ አውራ ጣቱን ከስለቱ በአግድም ቀስ አድርጎ እያሳለፈ፣ አንድ ደንበኛ ቀለም ሲያማርጥ እንደሚያስቸግረው አስቸገራት። የመረጠው ከሁሉም መናኛ የሚመስለውን ነው። ጥቁር የቀንድ እጀታው ደብዝዟል፣ ብረቱ ላይ የዝናብ ጠብታ የደረቀበት የሚመስል ነጠብጣብ አለ።

«ይሄ ለምን?» አለችው።

«ይሄ... ሠርቷል» አለ።

የቀሩትን ሁለቱን ስትመልስ፣ አሮጊቷ የተመረጠውን በውሃ በራሰ መሳያ ድንጋይ ላይ ሳሉላት። ጠፍር ላይ ማመላለሱንም አሳዩዋት፤ ሁልጊዜ ጀርባው ይቀድማል፣ ስትመልሺው በጀርባው ነው የምትገለብጪው፣ ከተሳሳትሽ ጠፍሩንም ስለቱንም ታበላሻለሽ እያሉ። ለልምምድ ፊኛ ንፊና አረፋ ቀብተሽ ላጪው አሏት። መርፌ ፊኛ ገዝታ ገባች። የመጀመሪያው ገና ሲነካ ፈነዳና አረፋው ፊቷ ላይ ተበተነ፤ ጋሽ መስመር አልጋው ላይ በሳቅ ተንፈራፈረ። ሁለተኛውም ፈነዳ። «ይሄ የኔ... ጉንጭ ነው?» አለ እንባውን እየጠረገ። ሦስተኛው ግን ተላጭቶ እንደ ሎሚ አምሮ ወጣ። ያን ለታ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሳቅ ከበሽታው ወዲህ ተሰምቶ አያውቅም።

ልጁ ከመንገድ የገባው በማግስቱ ነው። ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ ተነጥፎለት ከተቀመጠው ምላጭ ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለአባትህ ነው። እኔ ልላጨው ብዬ...»

«እማዬ፣ ምን ብዬሽ ነበር? ምን ብዬሽ ነበር!»

«አትጩህ፣ ይሰማል።»

«ይስማ! ያን ቀን አንቺ አልነበርሽም። እኔ ነኝ አንገቱን በእጄ ይዤ ደሙን ያቆምኩት። መሪ ይዤ እንኳ ያ ደም ከዓይኔ አይጠፋም። ደግሞ ሌላ ገዝተሽ ታመጪለታለሽ? ያልጨረሰውን እንዲጨርስ ነው?»

ቃሉ ወጣ። ልጁ ራሱ ደነገጠ። መርፌ የስፌት መኪናዋን ጠረጴዛ ይዛ ቆመች።

«ልላ... ጭ ነበር።»

ሁለቱም ዞሩ። ጋሽ መስመር በደህና ክንዱ ተደግፎ ቀና ብሏል። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

«ልላጭ ነበር» አለ ደግሞ። ትንፋሹን ሰበሰበ። «አንተ... ስለመጣህ።»

የልጁ ቦርሳ ከትከሻው ተንሸራትቶ ወደቀ። አባቱ በዚያ ጠዋት ከአልጋው የተነሳው፣ ከረጅም መንገድ የገባ ልጁ ከእንቅልፉ ሲነቃ ፊቱ ጸድቶ እንዲያየው ብሎ ነው። ያ ባለ ሰፊ ትከሻ ሹፌር አልጋው ሥር ተንበረከከና ግንባሩን ፍራሹ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። «ወንዝ ጣልኩብህ፣ አባዬ» ይላል፤ «ወንዝ ጣልኩብህ።» ጋሽ መስመር ግራ እጁን በልጁ ፀጉር ላይ አሳረፈ። ያን ሁሉ ቃል ማውጣት አድክሞታል።

ጠዋት ላይ መስኮቱ ዘንድ ወንበር ላይ አስቀመጡት። መርፌ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ፊቱ ላይ አቆየች፣ ፂሙን መጀመሪያ በመቀስ አሳጠረችው፣ አረፋውን ቀባችው። የወረደው ጉንጩ ስለማይወጠር ቆዳውን በአውራ ጣቷ ወደ ጆሮው ሳብ አድርጋ ምላጩን አሳረፈች። ድምፁ መጣ። ያው ድምፅ። እጇ ጨርቅ ስትቆርጥ እንደሚጸናው ጸና።

ፂሙ በተነሳ ቁጥር ግን ከሥሩ ሌላ ሰው እየወጣ መጣ። ጉንጩ ጎድጉዷል፣ አገጩ ሾሏል፣ የአንገቱ ቆዳ ተንጠልጥሏል። ከመንጋጋው ሥር ያ ጠባሳ አለ። ያ ፂም ይሄን ሁሉ ደብቆባት ኖሯል። ጆሮው ሥር ትንሽ ቆረጠችውና፣ «አመመህ?» ስትለው፣ «ደህና ነው» አላት። ልጁ መስታወት ያዘለት። ጋሽ መስመር ረጅም ጊዜ አየ።

«ይሄ... ሽማግሌ... ማነው?» አለ።

ሦስቱም ሳቁ። መርፌ ውሃውን ልድፋ ብላ ወጣችና ኩሽና ውስጥ በሩን ዘግታ አለቀሰች። ሰውየው እያለቀ መሆኑን ያወቀችው ያን ጠዋት ነው።

ከዚያ በኋላ ደህና ሰሞን ሆነ። በየሁለት ቀኑ ትላጨዋለች። ወዳጆቹ ድምፃቸውን ሲያሰሙ ፊቱን አያዞርም፤ ጭራሽ በግራ እጁ ወንበር ያሳያቸዋል። ልጁም በየጉዞው መሃል ቤት ማደር አበዛ። አሮጊቷ ዘንድ ምላጩን ለማሳል ስትሄድ፣ «እንዴት ነው ደንበኛችን?» ይሏታል፤ «አንገቱ እንደ ሙሽራ ሆኗል» ትላቸዋለች።

ዝናብ በጀመረ ሰሞን ያው የጭንቅላት ደም መፍሰስ ለሁለተኛ ጊዜ መጣበት። በዚህኛው ጊዜ ቃል የሚባል አልቀረለትም፤ ዓይኑ ብቻ ያይ ነበር። ሆስፒታል ተኛ። መርፌ ምላጩን በፎጣ ጠቅልላ ይዛ ሄደች። ነርሷ ደግ ልጅ ናት፣ ፎጣውን ስታይ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«እናቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ስለት ወደ ክፍሉ አይገባም። ከፈለግሽ በዚህኛው እኔ እላጨዋለሁ።» የፕላስቲኩን አሳየቻት።

«እሱ ያቆስለዋል፣ ልጄ። ቤት ስንገባ እላጨዋለሁ» አለች መርፌ።

ቤት ሳይገባ ቀረ። አልጋው አጠገብ ተቀምጣ፣ ከቀን ወደ ቀን የሚበቅለውን ነጭ ፂም በመዳፏ እየዳበሰች፣ ምናለ በፕላስቲኩም ቢሆን አድርጊው ባልኳት እያለች ስታስብ ነው ትንፋሹ የቆመው። እሷ ወዲያው አላወቀችም። ልጇ ነው እጇን ከጉንጩ ላይ ያነሳላት።

አስከሬኑ ቤት ሲገባ ውሃ አሞቀች። ዘመዶች፣ «ተይው፣ ሌላ ሰው ያድርገው» ቢሏት ጆሮ አልሰጠቻቸውም። ልጇ አባቱን ከራስጌው ሆኖ በሁለት እጁ ደገፈ፤ እሷ አረፋውን ቀብታ ላጨችው። ሁሉም ነገር እንደ ወትሮው ነበር፤ ቆዳው ብቻ ሲሳብ አይመለስም። ድምፁም ያው ነበር። ስትጨርስ በደረቅ ፎጣ አበሰችውና ሁለቱም ብዙ ቆመው አዩት።

ከቀብሩ በኋላ መርፌ ለብዙ ጊዜ ስፌቷ ላይ አልተቀመጠችም። አሮጊቷ ዘንድ ሄዳ ነገረቻቸው። «ምላጩን ልመልስልዎ?» ብትላቸው፣ «አይ ልጄ፣ እኔ የሙት ዕቃ ሞልቶኛል፤ አንቺ ያዢው» አሉና በርጩማውን ሳቡላት። ሁለቱ እስኪመሽ ድረስ አብረው ዋሉ።

አንድ እሑድ ጠዋት ልጇ ከመንገድ ገብቶ፣ ጉንጩን እያሻሸ፣ «እማዬ፣ እኔንም ላጪኝ እስቲ» አላት። ደስ ሊያሰኛት ብሎ እንደሆነ ገብቷታል። ውሃ አሞቀች፣ አረፋ ቀባችው፣ ቆዳውን በአውራ ጣቷ ወደ ጆሮው ሳበች። ወፍራም፣ ሞቅ ያለ የወጣት ጉንጭ ነው። ምላጩን ስታስጠጋ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አነሳችው፣ ትንፋሽ ወሰደች፣ ደግማ አስጠጋች። ባሰበት።

«እንቢ አለኝ፣ ልጄ» አለች። «ለሌላ ፊት እጄ እንቢ አለኝ።»

«ግድ የለም፣ እማዬ። ተይው።»

እሱ አረፋውን በፎጣ ጠረገና ከቦርሳው የራሱን ፕላስቲክ አውጥቶ ወደ መታጠቢያው ሄደ። እሷ ባዶው ወንበር አጠገብ ቆማ ቀረች። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ ሆኖ፣ «ሻይ አለ ወይ?» ሲላት፣ «አሁን አፈላልሃለሁ» ብላ ወደ ኩሽና ገባች።